አረንጓዴው ካቢኔት ለምን ሁለት ጊዜ ተቀባ? የአንድ ኮንዶሚኒየም ኪችን የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

በአዲስ አበባ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ቤተሰብ ነጭ የነበረውን የኪችን ካቢኔቱን በሐምሌ ወር ጥቁር አረንጓዴ አስቀባ። ኅዳር ላይ ቀለሙ በየእጀታው ዙሪያ ተልጦ ነበር፤ ክፍሉም በጠራራ ቀን መብራት የሚበራበት ሆነ። ቤተሰቡም፣ የቀባው ባለሙያም፣ አይተው አስተያየት የሰጡ ጎረቤቶችም የደረሱበት መደምደሚያ አንድ ነበር፦ አረንጓዴ ለኪችን አይሆንም፣ ወደ ነጭ ይመለስ።

ካቢኔቱ ሲፈተሽ ግን እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ችግሮች ተገኙ። ቀለሙ የተላጠው በአቀባቡ ምክንያት ነው፤ ነጭም ቢሆን ይላጥ ነበር። ክፍሉ የጨለመው ደግሞ በቀለሙ ጥቁረትና በክፍሉ ብርሃን ማነስ ነው፤ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢቀባ ይጨልም ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ስለመጡ ጥፋቱ ሁሉ በአረንጓዴነቱ ላይ ተላከከ። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ካቢኔቱ ዛሬም አረንጓዴ ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ከተቀባ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል።

የኪችኑ ሁኔታ

ኪችኑ 2.40 ሜትር በ1.80 ሜትር ነው። ካቢኔቱ በኤል ቅርጽ ሁለት ግድግዳ ይይዛል፤ ከታች 6 በሮችና 3 መሳቢያዎች፣ ከላይ 5 በሮች አሉት። ሳጥኑ ሜላሚን (ጠንካራና ለስላሳ የፕላስቲክ ልባስ) የለበሰ ቺፑድ ነው፤ በሮቹ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ፊቱ ነጭ ሜላሚን የሆነ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ) ናቸው። የሥራ ጠረጴዛው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ግራጫ ግራናይት ነው። ከግራናይቱ በላይ ያለው ግድግዳ አበባ የታተመበት ክሬም ሴራሚክ ነበር። በቤቱ አምስት ሰዎች ይኖራሉ፤ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ የባል እናት። አብዛኛውን ምግብ የሚሠሩት እኚሁ የባል እናት ናቸው። ዲያሜትሩ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግራናይቱ ላይ፣ ከላይኛው ካቢኔት ሥር ይቀመጣል።

መስኮቱ አንድ ነው፤ 80 በ90 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ሰሜን የሚያይ። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ለቀለም ምርጫ ትልቁ መረጃ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ ጊዜ እኩሌታው ክረምት፣ ሰማዩም ደመና ነው። ደመና በሌለበት ቀን እንኳ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ስለምትሆን የላይኛው ፎቅ በረንዳ ያግዳታል። በመሆኑም ይህ ኪችን ዓመቱን ሙሉ የሚያገኘው ከሰማይ የሚመጣ ቀዝቃዛ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ነው። ማታ ደግሞ ጣሪያው መሀል ላይ አንድ 6500 ኬልቪን ነጭ አምፖል አለ፤ ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል። ግራናይቱ ጋ የሚቆም ሰው ለአምፖሉ ጀርባውን ስለሚሰጥ የሚከትፈው ነገር ላይ የራሱ ጥላ ያርፋል።

ነጭ በር የሚያርፍበትን ብርሃን 80 በመቶ ገደማ መልሶ ይረጫል። መጀመሪያ የተመረጠው ጥቁር አረንጓዴ፣ በራል የቀለም መዝገብ ለ6009 የሚቀርብ፣ ከ10 በመቶ በታች ይመልሳል። ከላይና ከታች 11 በሮች በአንድ ጊዜ ከነጭ ወደዚያ ሲለወጡ ክፍሉ በብርሃን ረገድ ግማሽ መስኮቱ እንደተደፈነ ያህል ሆነ። እናትየው ችግሩን ያስረዱት ከማንኛውም መለኪያ በተሻለ ነበር፦ «ሽንኩርቱ ቀላ አልቀላ ብዬ ለማየት ድስቱን ወደ መስኮት እወስዳለሁ።»

የመጀመሪያው አቀባብ የት ላይ ተሳሳተ

በሮቹ ሳይወልቁ፣ እዚያው በተሰቀሉበት፣ በቲነር በራሰ ጨርቅ ተወልውለው አንጸባራቂ የዘይት ቀለም በሮለር ተቀቡ። ብርጭቆ ወረቀት አልነካቸውም፣ ፕራይመርም (ቀለሙን የሚያስይዝ የመጀመሪያ ቅብ) አልነበረም። ሜላሚን እንደ ሴራሚክ ሳህን ለስላሳና ቀዳዳ የለሽ ነው። የዘይት ቀለም እንጨት ላይ የሚይዘው ወደ እንጨቱ ዘልቆ ነው፤ እዚህ ግን የሚዘልቅበት ስላልነበረ ላዩ ላይ ተንሳፎ ደረቀ። ከዚህ በተጨማሪ ለዓመታት የተከማቸ የዘይትና የቅቤ ብናኝ ነበር፤ በቲነር የራሰ አንድ ጨርቅ ይህን ስብ አያነሳውም፣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ያዳርሰዋል እንጂ።

ወቅቱም አላገዘም። ሐምሌ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ የዘይት ቀለም ሲደርቅ ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ ቅዝቃዜው ያዘገየዋል። ሁለተኛው ቅብ ሳይደርቅ ሦስተኛው ተደረበ፤ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው ቀን በሮቹ ተዘጉ። ከሳጥኑ ጠርዝ ጋር ተጣብቀው ሲከፈቱ የቀለም ቁራጭ ይዘው ተነሡ።

ምርመራው ቀላል ነበር። በአንድ በር ላይ በስለታም ቢላ 6 መስመር ወደ ጎን፣ 6 መስመር ወደ ታች፣ በመካከላቸው 2 ሚሊ ሜትር እየተተወ ተጫረ። ላዩ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በአውራ ጣት በደንብ ታሸ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ተነቀለ። ትናንሾቹ ካሬዎች ሁሉ ከፕላስተሩ ጋር መጡ። ከሥር የወጣው የፋብሪካው ነጭ ሜላሚን ሳይጫር፣ እንደ አዲስ ያብረቀርቅ ነበር። ምድጃው አጠገብ ያለው መሳቢያ ላይማ ቢላም አላስፈለገም፤ የጥፍር ጫፍ ሲገባበት ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በአንድ ቁራጭ ወጣ። በዚህ ላይ ሌላ ቀለም መደረብ ማለት አዲሱንም አብሮ እንዲላጥ ማድረግ ነው። ወደ ነጭ ቢመለስ ኖሮ የሚደርሰው ይኸው ነበር።

ሌላም ነገር ተገኘ። የሲንኩ ሥር ሁለት በሮች ከታች ጠርዛቸው ውሃ ጠጥተው 18 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 21 አብጦ ነበር። አንዴ ያበጠ ኤምዲኤፍ ተሞርዶም ተቀብቶም ወደ ቦታው አይመለስም። ሁለቱ በሮች አዲስ እንዲሠሩ፣ የቀሩት እንዲታደሱ ተወሰነ።

ቀለሙ እንዴት ተመረጠ

ቤተሰቡ አረንጓዴውን ይወደው ነበር፤ የጠላው ጨለማውን ነው። ስለዚህ ጥያቄው «አረንጓዴ ወይስ ነጭ» መሆኑ ቀርቶ «የትኛው አረንጓዴ፣ የት ላይ» ሆነ።

ሦስት ናሙናዎች ተቀቡ። አንደኛው የቀድሞው ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው ለራል 6011 የቀረበ መካከለኛ፣ ትንሽ ግራጫ የገባበት አረንጓዴ ነው። ሦስተኛው የጤና አዳም ቅጠል የሚመስል፣ ፈዘዝ ያለና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ሁሉም 40 በ60 ሳንቲ ሜትር በሆነ የኤምዲኤፍ ቁራጭ ላይ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የተቀቡት። የክብሪት ቀፎ የምታህል የካታሎግ ናሙና እዚህ አታገለግልም፤ ዙሪያዋ ያለው ነጭ ወረቀት ቀለሟን አጉልቶ ያሳያል። ሰሌዳዎቹ እንደ በር ቆመው ነው የታዩት። ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ሰሌዳ ከመስኮቱ ብርሃን በቀጥታ ስለሚያርፍበት ከቆመው የነጣ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የታዩት በሁለት ቦታ፣ መስኮቱ ሥርና ጥጉ ውስጥ፣ በሦስት የተለያየ ሰዓት ነው፦ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት።

ጥቁሩ አረንጓዴ ቀን 6 ሰዓት ላይ መስኮቱ ሥር ከሁሉም ያምር ነበር። ጥጉ ውስጥ ግን በሁሉም ሰዓት ጥቁር ነው የሚመስለው፤ አረንጓዴ መሆኑን ማወቅ አይቻልም። የጤና አዳሙ ቀለም ቀን ላይ በሰሜኑ ብርሃን ግራጫ ሆነ፤ ማታ በነጩ አምፖል ደግሞ ሰማያዊ መሰለ። መካከለኛው በሁለቱም ቦታ፣ በሦስቱም ሰዓት አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ ብቸኛው ነበር። የተመረጠውም በዚህ ነው።

አረንጓዴው ለታችኛው ካቢኔትና ለመሳቢያዎቹ ብቻ ሆነ። የላይኞቹ 5 በሮች ነጣ ያለ ክሬም ተቀቡ። በዚህ ክፍል መስኮቱ ከግራናይቱ በላይ ስለሆነ ብርሃኑ መጀመሪያ የሚያገኘው የላይኞቹን በሮች ነው፤ እነሱ ነጣ ካሉ ብርሃኑን ወደ ግራናይቱ ይመልሱታል። ጥቁረት ያለው ቀለም ከታች ሲሆን ደግሞ የጫማና የመጥረጊያ ግጭት አይታይበትም።

የአንጸባራቂነቱ ነገር ለብቻው ተፈተነ። ቤተሰቡ ፈጽሞ የማያብረቀርቅ ቀለም ፈልጎ ነበር። ከድስት በማንኪያ የተጨለፈ ቁሌት በሁለት ሰሌዳዎች ላይ፣ በማያብረቀርቀውና በመጠኑ በሚያብረቀርቀው ሳቲን፣ ጠብ ተደርጎ አንድ ሌሊት አደረ። ጠዋት በሞቀ የሳሙና ውሃ ሲታጠብ ሳቲኑ ጸዳ። የማያብረቀርቀው ላይ ዙሪያው ቡናማ የሆነ የዘይት ክብ ቀረ፤ ለማስለቀቅ ሲታሽ የታሸው ቦታ ብቻ ማብረቅ ጀመረ። ሳቲን ተመረጠ። በክሬሙ ሰሌዳ ላይ እርድ ተሞክሮ ቢጫ ጥሎ ነበር፤ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ ሲውል ቢጫው እየጠፋ ሄደ። የእርድ ቀለም ብርሃን አይችልም። ነገር ግን ፀሐይ በማይገባበት ኪችን የተሰቀለ በር ላይ ይህ አያድንም፤ እርድ ወዲያውኑ መጠረግ አለበት።

ሁለተኛው አቀባብ

ሥራው የተጀመረው በታኅሣሥ ነው። አየሩ ደረቅ ነው፤ አቧራ ግን አለ፤ ስለዚህ በሮቹ ወልቀው ተዘግቶ ወደሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ተወሰዱ። ሳጥኑ በቦታው ቀረ። በዚህ ምክንያት ኪችኑ ያለ ሥራ የቆመው ሳጥኑ በተቀባባቸው 3 ቀናት ብቻ ነው፤ ቤተሰቡ በቀሩት ቀናት በር በሌለው ካቢኔት ሲሠራ ሰነበተ።

እያንዳንዱ በር ሲወልቅ ቁጥር ተሰጠው። ቁጥሩ የተጻፈው ማጠፊያው በሚገባበት 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ጉድጓዱ በወረቀት ፕላስተር ስለሚሸፈን ቀለም አይደርስበትም። በሩ ጀርባ ላይ የተጻፈ ቁጥር ከቀለም ሥር ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ እኩል የሚመስሉ፣ ግን በሁለት ሚሊ ሜትር የሚለያዩ በሮችን እየሞከሩ መስቀል የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የቀድሞው ቀለም በስፓቱላ ተፋቀ። አብዛኛው በቀላሉ ወጣ። የሙቀት መሣሪያ አልተጠቀሙም፤ ሙቀት ሜላሚኑን ከእንጨቱ ያላቅቀዋል። ቀጥሎ በሮቹ በላርጎና በሞቀ ውሃ ሁለት ጊዜ ታጠቡ፤ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቀው አንድ ቀን ሙሉ ደረቁ። ከመሞረዳቸው በፊት መታጠባቸው ወሳኝ ነው። ስብ ያለበት ፊት ሲሞረድ ብርጭቆ ወረቀቱ ስቡን ወደ ጭረቶቹ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ አይወጣም። ከዚያ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ የሜላሚኑ ብርቅርቅታ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ተሞረዱ። ማረጋገጫው በሩን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ማየት ነው፤ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለ ቀለሙ እዚያ ይላጣል።

ሁሉም በር አንድ ጊዜ በሁለት ውህድ፣ ማለት ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ በሚሠራ፣ ፖሊዩሪቴን ፕራይመር ተረጨ። አዲሶቹ የሲንክ በሮች ግን ጠርዛቸው ሁለት ጊዜ ተቀብቷል፤ የተቆረጠ ኤምዲኤፍ ጠርዝ እንደ ስፖንጅ ስለሚጠጣ አንድ ቅብ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ፕራይመሩ ሲደርቅ በ320 ቁጥር ቀስ ተብሎ ተሞረደ። ቀጥሎ ሁለት የቀለም ቅብ በኮምፕረሰር ተረጨ።

የቀለሙ መጠን እንዲህ ተሰላ። የታችኛው ክፍል በሮችና መሳቢያዎች በሁለት ፊት 3.8 ካሬ ሜትር ነው። ሁለት ቅብ ሲሆን 7.6 ካሬ ሜትር። አንድ ሊትር 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፤ በስፕሬይ ግን 40 በመቶ ያህሉ በአየር ይባክናል። ስለዚህ 1.3 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል፤ ማጠንከሪያውን ጨምሮ 2 ሊትር ተገዛ። ለላይኞቹ 1.5 ሊትር ክሬም፣ ለሁሉም 2 ሊትር ፕራይመር ወሰደ። አረንጓዴው በአንድ ጊዜ ተበጥብጧል። በሁለት ዙር የተበጠበጠ አረንጓዴ ብዙ ጊዜ አይመሳሰልም፤ በነጭ የማይታወቅ ልዩነት በአረንጓዴ ጎን ለጎን ባሉ በሮች ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በዚህ መሀል አንድ ስሕተት ተፈጠረ። ሦስቱ መሳቢያዎች ከተረጩ ከሦስት ቀን በኋላም ጥፍር ሲጫናቸው ምልክት ይቀበሉ ነበር። ሲጣራ ለእነሱ የተበጠበጠው ቀለም የፖሊዩሪቴን ቲነር አልቆ በተራ የናይትሮ ቲነር የቀጠነ ሆኖ ተገኘ። ተራው ቲነር አልኮል ያለበት ሊሆን ይችላል፤ አልኮሉ ማጠንከሪያውን ይበላዋል፤ ቀለሙም ሳይጠነክር ይቀራል። መሳቢያዎቹ ተፍቀው እንደገና ተቀቡ። 2 ሊትር ባይገዛ ኖሮ ለዚህ የሚሆን ተመሳሳይ አረንጓዴ አይገኝም ነበር። ከዚያ በኋላ ማጠንከሪያውም ቲነሩም በዓይን ግምት መሆኑ ቀርቶ፣ ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ፣ መስመር ባለው ጆግ እየተለካ ገባ።

ፖሊዩሪቴን በመኖሪያ ቤት ውስጥ አይረጭም። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት ሳንባን ይጎዳል፤ ተራ የጨርቅ ጭንብል አያግደውም፣ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀርብለት ጭንብል ያስፈልጋል። ሳጥኑ በቤት ውስጥ ስለቀረ የሳጥኑ አካል የተቀባው በዚያው ቀለም ሳይሆን፣ በሱ መልክ በተበጠበጠ፣ ውሃ በሚያቀጥነው የእንጨት ቀለም፣ በብሩሽና በትንሽ ሮለር ነው። ልዩነቱ በሮቹ ሲዘጉ አይታይም።

በሮቹ የተሰቀሉት የመጨረሻው ቅብ ከደረቀ ከ7 ቀን በኋላ ነው።

መብራትና ሌሎች ነገሮች

የጣሪያው 6500 ኬልቪን አምፖል በ4000 ተተካ። 3000 ተሞክሮ ነበር፤ አረንጓዴውን የደረቀ የወይራ ቅጠል አስመሰለው። ከላይኞቹ በሮች ሥር 2 ሜትር ርዝመት ያለው የኤልኢዲ ገመድ፣ በሜትር 10 ዋት፣ በአሉሚኒየም ሽፋን ውስጥ ገባ። 20 ዋት ለሚበላ መብራት 30 ዋት የሚችል ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ተደረገ፤ በልኩ የተገዛ አዳፕተር ሁልጊዜ እንደጋለ ይውላልና ዕድሜ አይኖረውም። ከሥራው ሁሉ እናትየው ከሁሉ አስቀድመው ያመሰገኑት ይህንን መብራት ነው። ጥላው ከሚከተፈው ነገር ላይ ተነሣ።

አበባ ያለበት ሴራሚክ ከአረንጓዴው ጋር ስለተጣላ በነጭ አንጸባራቂ 30 በ60 ሴራሚክ ተለወጠ። ቦታው 2.16 ካሬ ሜትር፣ ማለት 12 ሴራሚክ ነው፤ ለብልሽት ጭምር 14 ተገዛ።

ከአንድ ዓመት በኋላ የታየው

ቀለሙ አልተላጠም። የቢላና የፕላስተር ምርመራው በአንድ መሳቢያ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ተደግሞ አንድም ካሬ አልተነሣም። ቀን ላይ መብራት ማብራት ቀርቷል።

ያልተሳኩም አሉ። የነሐስ መልክ ያላቸው እጀታዎች ተመርጠው ነበር፤ የሲንኩ ሥር ሁለቱ በስምንት ወር ውስጥ ቅባቸው ተፍቆ ግራጫ ብረት አወጡ። እርጥብ እጅ በቀን ብዙ ጊዜ የሚነካቸው እነዚህ ስለሆኑ እዚያ ቦታ ላይ ከጅምሩ አይዝጌ ብረት ይሻል ነበር። እጀታዎቹ በሁለቱ ቀዳዳዎቻቸው መካከል 128 ሚሊ ሜትር ነበራቸው፣ የድሮዎቹ ደግሞ 96፤ የድሮው ቀዳዳ በስቱኮ ተሞልቶ ከተቀባ በኋላ በሁለት በሮች ላይ ስቱኮው ሰምጦ ጥላ ያሳያል። እጀታ ሲገዛ በድሮው ልክ መግዛት ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ከላይኞቹ በሮች አንዱ ወልቆ ክፍት መደርደሪያ እንዲሆን ተሞክሮ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ብርጭቆዎቹና ሲኒዎቹ የሚያጣብቅ አቧራ ለበሱ። ቁሌት በየቀኑ በሚሠራበት፣ የአየር መምጠጫ በሌለው ኪችን ክፍት መደርደሪያ የእጥበት ሥራ መጨመር ነው። በሩ ተመለሰ።

ያልተፈታው የምጣዱ እንፋሎት ነው። አክንባሎው ሲነሣ እንፋሎቱ በቀጥታ የላይኛውን በር የታች ጠርዝ ይመታል። ምጣዱ ጎማ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ወደ መስኮቱ እንዲሄድ ተደርጓል፤ ግን ሁልጊዜ አይሄድም፤ ከምጣዱ በላይ ባለው በር ጠርዝ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል እብጠት ታይታለች።

ለሌላ ኪችን የሚተላለፈው

ቀለም ተላጠ ማለት ቀለሙ አልሆነም ማለት አይደለም። ከመወሰን በፊት ተጭሮ፣ ፕላስተር ተለጥፎ ከየት እንደለቀቀ ይታይ። ከሥሩ ያልተሞረደ ሜላሚን ከወጣ ምርጫው መፋቅ ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ መደረብ ገንዘብ መጣል ነው።

አረንጓዴ ከነጭም ከግራጫም በላይ በብርሃን ይለዋወጣል። የሱቁ መብራት፣ የስልክ ፎቶና የካታሎግ ወረቀት ለዚህ አይታመኑም። የሰሌዳ ናሙና፣ በቁሙ፣ በራሱ ኪችን ውስጥ፣ በሦስት የተለያየ ሰዓት መታየት አለበት። አምፖል የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ከናሙናው በፊት ይለወጥ፤ በዚህ ጉዳይ አምፖሉ የተለወጠው ቀለሙ ከተመረጠ በኋላ ስለነበር የማታው እይታ ሁለተኛ ጊዜ መደገም ነበረበት።

ሁለት ውህድ ቀለም ማግኘት ወይም ወደ ሥራ ቤት መውሰድ ለማይችል፣ የዘይት ቀለምም ታጥቦ፣ በ180 ተሞርዶ፣ ለለስላሳ ፊት የሚሆን ፕራይመር ተቀብቶ ከሆነ ይይዛል። በእያንዳንዱ ቅብ መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ ይሰጠው። በሙሉ ለመጠንከር ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያ በሮቹ ሳይዘጉ፣ ወይም በሩና ሳጥኑ በሚነካኩበት ቦታ ትንንሽ የፕላስቲክ ማረፊያ ተለጥፎ ይቆዩ።

የተረፈው አረንጓዴ 200 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ከማጠንከሪያው ጋር ሳይቀላቀል፣ በትንሽ የመስታወት ማሰሮ እስከ አፉ ተሞልቶ ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ የተቀባበት ቀንና የአበጣበጡ ልክ ተጽፎበታል።